«ኡምብርያ» የተባለችው የጭነት መርከብ ታሪክና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

በነፋስ መውጫ ገበያ መካከል ሆኖ ስለ ባሕርና ስለ መርከብ መናገር ለአንዳንድ ሰው ትርፍ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ከተማችን ነፋስ እንጂ ማዕበል የማያውቃት የደጋ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ብንመረምረው፥ ከመኪናው ጎማ ጀምሮ ገበሬው በክረምት እስከሚጠብቀው ማዳበሪያ ድረስ ብዙው በመርከብ ሆድ ውስጥ ሰንብቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ባሕርን በዓይኑ ያላየ ነጋዴም የባሕሩን ዋጋ በየቀኑ ይከፍላል።

በዚህ ሳምንት ትምህርታችን ከ80 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በቀይ ባሕር የሰመጠችውን ኡምብርያ የተባለችውን የኢጣልያ የጭነት መርከብ ታሪክ እንመለከታለን። ይህችን መርከብ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ጭኖት የነበረው ዕቃ ወደ አገራችን ሰማይ የታሰበ ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው፥ መርከቢቱን ለጥፋት ያበቃት መድፍ ወይም ቶርፔዶ ሳይሆን የጥቂት ቀን መዘግየት ስለ ሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኑ መጠን ነገሩን የሚያየው በወታደር ዓይን ሳይሆን በጭነት ወረቀት በኩል ነው።

1. የመርከቢቱ ትውልድና አገልግሎት

ኡምብርያ የተሠራችው በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ፥ ራይኸርሽቲግ በተባለው የመርከብ ፋብሪካ ነው። በታኅሣሥ ወር 1904 ዓ.ም. ወደ ውኃ ስትወርድ የተሰጣት ስም ግን ኡምብርያ አልነበረም፤ በአርጀንቲና በሚገኝ ወደብ ስም ባያ ብላንካ ተብላ ነበር። ርዝመቷ 150 ሜትር ያህል ነው፤ በመርከብ መለኪያ ቶን ስትለካም ወደ 10,000 ትደርሳለች። ለዚያ ዘመን ትልቅ መርከብ ስትሆን ዕቃም መንገደኛም ትጭን ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ የጀርመን መርከቦች የእንግሊዝን የባሕር ኃይል በመፍራት በየገለልተኛው አገር ወደብ ተጠግተው ቀሩ። ባያ ብላንካም በአርጀንቲና ቀረች፤ በኋላም የዚያ አገር መንግሥት ገዛት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ደግሞ ኢጣልያ ገዝታ ከግዛቶቿ በአንደኛው ስም ኡምብርያ ብላ ሰየመቻት።

አንባቢ ይህን ዓመት ልብ ይበለው። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን በባሕር የምታጓጉዝበት ዓመት ነበር። መርከቢቱም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1937 ድረስ ብዙ ሺህ ወታደሮችን ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ አመላለሰች። እንግዲህ ኡምብርያ ለአገራችን መከራ እንግዳ አልነበረችም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሎይድ ትሪየስቲኖ ለተባለው የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ ተሸጣ ዕቃ ማመላለስ ቀጠለች።

2. የእንፋሎት መርከብ አካሄድ

የታሪኩ ቁልፍ በከሰል ላይ ስላለ ስለ እንፋሎት መርከብ አሠራር ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል።

በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በሆዱ ውስጥ ታላላቅ ምድጃዎችና የውኃ ማፍያ ጋኖች አሉት። በምድጃው ከሰል ይነድዳል፤ በጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ታምቆ በቧንቧ ወደ ሞተሩ ይሄድና ዘንጉን እየገፋ ከመርከቡ በስተኋላ ያለውን መቅዘፊያ ያሽከረክራል። በዚያ ዘመን በተለመደው አሠራር አንድ እንፋሎት ሦስት ጊዜ ያገለግል ነበር፤ በመጀመሪያ በትንሹ ሲሊንደር፥ ቀጥሎ በመካከለኛው፥ በመጨረሻም በትልቁ ይሠራል። ይህም ከሰል ለመቆጠብ የተፈለሰፈ ዘዴ ነበር።

ቢቆጠብም ከሰል ያልቃል። ለጋኑ የሚሆነው ንጹሕ ውኃም ያልቃል፤ የባሕር ውኃ ጋኑን በጨው ስለሚያበላሸው በቀጥታ ሊቀዳ አይችልም። ስለዚህ የእንፋሎት መርከብ ረዥም ጉዞ ሲሄድ በየወደቡ ቆሞ ከሰልና ውኃ መጫን ግዴታው ነው። ካሚዮን ነዳጅ ከሚቀዳበት ጣቢያ ያልፍ ዘንድ እንደማይችል፥ መርከብም ከሰል ከሚሸጥበት ወደብ ማለፍ አይችልም። ወደቡን የያዘ ሰው የመርከቡን ቀን ይዟል ማለት ነው።

3. ጭነቷ

በግንቦት ወር 1932 ዓ.ም. ኡምብርያ በጄኖቫ፥ በሊቮርኖና በናፖሊ ወደቦች እየተዘዋወረች ዕቃ ጫነች። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ጦርነት ከተጀመረ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነበር፤ ኢጣልያ ግን ገና አልገባችበትም።

ከጭነቷ ዋነኛው ከአይሮፕላን የሚጣል ቦምብ ነበር። ቁጥሩ 360,000 ያህል ሲሆን፥ የአንዱ ክብደት ከ15 ኪሎ ጀምሮ እስከ 100 ኪሎ ይደርስ ነበር። ከዚህ ጋር የቦምብ ማፈንጃ የያዙ 60 ሣጥኖችና ሌላ የጦር መሣሪያ ነበረባት። አብዛኛው ቦምብ በምጽዋና በአሰብ ወርዶ ኢጣልያ በምሥራቅ አፍሪቃ ላቆመችው ጦር እንዲሰጥ የታዘዘ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሞት ዕቃ ጎን የሰላም ዕቃም ተጭኖ ነበር። በከረጢት የታሰረ ሲሚንቶ፥ የቤት መሥሪያ ዕቃና ሦስት ፊያት 1100 መኪናዎች በዚያው መርከብ ሆድ ውስጥ ነበሩ። ከሰላሙም ዕቃ ከፊሉ ከቀይ ባሕር አልፎ ወደ እስያ ወደቦች የሚሄድ ነበር። ሲሚንቶ ገዝቶ የሚጠብቅ ሰው ዕቃው ከቦምብ ጋር አብሮ እንደሚጓዝ ምን ያውቃል? ይህን ነገር በመጨረሻው ክፍል እንመለስበታለን።

4. በፖርት ሰይድ የጠፉት ቀኖች

መርከቢቱ ግንቦት 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በስዌዝ ቦይ መግቢያ ባለው በፖርት ሰይድ ወደብ ደረሰች። በዚያም 1,000 ቶን ከሰልና ውኃ መጫን አስፈለጋት።

እዚህ ላይ የሕጉን ነገር መመልከት ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 በቁስጥንጥንያ በተፈረመው ውል መሠረት የስዌዝ ቦይ በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ ለሁሉም አገር መርከብ ክፍት እንዲሆን ተወስኗል። ኢጣልያም በዚያ ቀን ከእንግሊዝ ጋር አልተዋጋችም። እንግሊዞች መርከቢቱ ምን እንደ ጫነች ቢያውቁም ይዘው ለማስቀረት ሕጋዊ ምክንያት አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ኢጣልያ በቅርብ ቀን ወደ ጦርነቱ እንደምትገባ ስለ ገመቱ፥ መርከቢቱን መያዝ ባይችሉ ቀኗን መያዝ ይችሉ ነበር። የከሰሉና የውኃው ጭነት እንዲጓተት ተደረገ፤ ሦስት ቀንም እንዲሁ አለፈ። መርከቢቱ ጉዞዋን ወደ ደቡብ የቀጠለችው ግንቦት 29 ቀን ነው።

በቀይ ባሕር ውስጥም ብቻዋን አልሄደችም። ግሪምስቢ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተከተለቻት። ሰኔ 2 ቀን ወደ ፖርት ሱዳን በተጠጋች ጊዜ፥ የጦር ኮንትሮባንድ ትፈተሻለች በሚል ምክንያት ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው በዊንጌት የባሕር ውስጥ ድንጋይ አጠገብ መልሕቅ እንድትጥል ታዘዘች። ይህ ስም ለአንባቢ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም የዘመተውን የእንግሊዝ መኰንን ያስታውሰው ይሆናል፤ ስፍራው ግን ያ መኰንን ወደ ሱዳን ከመምጣቱ በፊት በዚሁ ስም ይጠራ ነበር።

የኮንትሮባንድ ፍተሻ ማለት፥ የሚዋጋ መንግሥት ከማይዋጋ አገር በመጣ መርከብ ላይ ለጠላቱ የሚሄድ ዕቃ እንዳይኖር የሚያደርገው ምርመራ ነው። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከጀርመን ጋር ትዋጋ ስለ ነበር ፍተሻው በሕግ የታወቀ መብቷ ነው። እንዲህ በማድረግ አንድ ቀን ደግሞ ተጨመረ። ምጽዋ የቀረው የአንድ ቀን ተኩል ያህል መንገድ ብቻ ነበር።

5. ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

በማግሥቱ ሊያንደር ከተባለችው የኒው ዚላንድ የጦር መርከብ የመጡ መርከበኞች በኡምብርያ ላይ ወጥተው ይፈትሹ ጀመር። የመርከቢቱ አዛዥ ካፒቴን ሎሬንዞ ሙዬዛን ይባላል። ሰዎቹ ሲፈትሹ እርሱ በክፍሉ ሆኖ ራዲዮ ያዳምጥ ነበር። በራዲዮውም ኢጣልያ ከዚያ ሌሊት እኩሌታ ጀምሮ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት እንደምትገጥም ሲነገር ሰማ። በመርከቡ ላይ ያሉት እንግሊዞች ይህን ወሬ ገና አልሰሙም።

አዛዡ ሊመርጥ የሚችለው ከሁለት አንዱን ነው። ዝም ቢል መርከቡም ጭነቱም በእንግሊዝ እጅ ይወድቃል፤ ቦምቦቹም በገዛ አገሩ ላይ ይመለሳሉ። ካሰመጠው ግን ማንም አይጠቀምበትም። ስለዚህ ምስጢራዊ ወረቀቶቹን አቃጠለ፤ ለሠራተኞቹም የባሕር ውኃ ማስገቢያዎቹን እንዲከፍቱ ትእዛዝ ሰጠ። ለእንግሊዙ መኰንን ሠራተኞቹ በጀልባ የመውረድ ልምምድ እንደሚያደርጉ ነገረው፤ በዚህም አሳብቦ ሰዎቹን ወደ ጀልባዎቹ አወረዳቸው።

ማንኛውም መርከብ ከውኃው በታች በጎኑ ላይ መክፈቻና መዝጊያ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ለሞተሩ ማቀዝቀዣና ለሌላም አገልግሎት የባሕር ውኃ የሚገባባቸው ናቸው። እነርሱ ተከፍተው ከተተዉ ትልቁ መርከብ ራሱ በሆዱ ውኃ ጠጥቶ ይወርዳል። ኡምብርያም እንዲሁ ሆነች። እንግሊዞች ነገሩ ሲገባቸው መርከቢቱ ማዘንበል ጀምራለች፤ ያ ሁሉ ቦምብ ይፈነዳ ይሆናል ብለውም ፈጥነው ራቁ። አዛዡና ሠራተኞቹ ተማረኩ። መርከቢቱ በግራ ጎኗ ተኝታ ከባሕሩ ወለል ላይ ዐረፈች። ጥልቁ የሚደርሰው 40 ሜትር ያህል እንኳ አይሞላም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ሐንስ ሐስ የተባለው የኦስትርያ ተመራማሪ ወደ ፖርት ሱዳን መጥቶ ወደ መርከቢቱ ጠልቆ ጎበኛት፤ በኋላም ስለ ቀይ ባሕር ባዘጋጀው ሥራ ዝናዋ ወጣ። ቦምቦቹ ከሆዷ አልወጡም፤ ከወደቡ ቅርብ ናቸውና ቢነካኩ ከተማውን ይጎዳሉ ተብሎ ይፈራል። ሦስቱ ፊያት መኪናዎች በተጫኑበት ክፍል ውስጥ ዝገው ይታያሉ። ሲሚንቶው በተደረደረበት እንዳለ ደንድኖ የከረጢቱን ቅርጽ እንደ ያዘ ድንጋይ ሆኗል።

6. ለአገራችን ምን ማለት ነበር?

ነጋዴ ነገርን በቁጥር ማየት ይወዳልና እኛም ጭነቱን በቁጥር እንመርምረው። ቦምቦቹን ሁሉ በትንሹ ክብደት፥ ማለት በ15 ኪሎ ብናሰላቸው እንኳ 360,000 ቦምብ 54,000 ኩንታል ይሆናል። 400 ኩንታል በሚጭን ካሚዮን ቢጓጓዝ 135 ካሚዮን ይሞላል። በቀን 100 ቦምብ እየተጣለ ቢቆጠር ለ3,600 ቀን፥ ማለት ለ10 ዓመት ያህል ይበቃል።

ይህ ጭነት በታዘዘለት ቀን ምጽዋ ቢደርስ ኖሮ፥ በዚያን ጊዜ ለአምስተኛ ዓመት በየጫካው በሚዋጉት አርበኞችና አርበኛን ባበላ መንደር ላይ ይራገፍ ነበር። ጠላት ቀደም ሲል በ1928 ዓ.ም. ቦምብ ብቻ ሳይሆን የመርዝ ጋዝ ጭምር በሕዝብ ላይ እንዳዘነበ የታወቀ ነው። እናቶቻችን የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ወደ ገደል ሥር ይሸሹ እንደ ነበር ከአረጋውያን ያልሰማ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው።

አንዲት መርከብ ብቻዋን ጦርነቱን ወሰነች አንልም፤ እንዲህ ብንል ደማቸውን ያፈሰሱትን መበደል ይሆናል። እርግጥ የሆነው ነገር ግን ይህ ነው። ከሰኔ 4 ቀን 1932 ዓ.ም. ጀምሮ የስዌዝ መንገድ ለኢጣልያ ስለ ተዘጋ፥ በኢትዮጵያ ያለው ጦሯ ከአገሩ ጋር በባሕር መገናኘት ተሳነው። ነዳጅ፥ ጎማና መለዋወጫ በየቀኑ ይቀንሳል እንጂ አይጨመርም። ያልቃል ተብሎ የተፈራው ሁሉ በእውነት አለቀ። ኡምብርያ ያን መጋዘን ሊሞሉ ከሚመጡት የመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች፤ ሳትደርስ ቀረች።

በዚያው በሰኔ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ሱዳን ገቡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። በእኛ አውራጃ በኩል የደብረ ታቦር የጠላት ጦር በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ኅዳር 12 ቀን፥ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተያዙ። በመጨረሻዎቹ ወራት በጎንደር የነበረው ጠላት የቀሩት አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የኡምብርያ አዛዥ ያደረገውን ኢጣልያኖች በኋላ በሰፊው ደገሙት። የእንግሊዝ ጦር ወደ ምጽዋ በተቃረበ ጊዜ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ በወደቡ የነበሩትን የኢጣልያና የጀርመን መርከቦች በየመግቢያው በረድፍ አሰመጣቸው፤ ተንሳፋፊዎቹን የመርከብ መጠገኛዎችም አጠፋ። ወደቡ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲያዝ የመርከብ መቃብር ሆኖ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በጥቂት ሠራተኞች፥ በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት፥ መጠገኛዎቹንና ሊበንፌልስን የመሰሉ የጭነት መርከቦችን ከባሕር አወጣ። ምጽዋ እንደ ገና ዕቃ ለመቀበል የበቃችው በዚህ ዓይነት ድካም ነው።

7. ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ወደ ሲሚንቶው እንመለስ። የኡምብርያ ሲሚንቶ ኃጢአት አልነበረበትም፤ የጠፋው በባልንጀራው ምክንያት ነው። ይህን ነገር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በራሱ ስሕተት ተምሮታል።

ከብዙ ዓመት በፊት፥ ገና ለሥራው አዲስ ሳለሁ፥ ለአሠሪዬ 100 ኩንታል ሲሚንቶ እንዳስመጣ ታዘዝሁ። ዕቃችን ካሚዮኑን ስለማይሞላው ሹፌሩ የሌሎች ሰዎች ጭነት እንዲጨምርበት ፈቀድሁ። ኪራዩ ስለሚቀንስ ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። የተጨመረው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም። መንገድ ላይ ካለው ኬላ ሲደርስ ከጭነቱ መካከል ቀረጥ ያልተከፈለበት ልብስ ተገኘና ካሚዮኑ በሙሉ ለምርመራ ቆመ። ወራቱ ሐምሌ ነበር። ምርመራው 19 ቀን ፈጀ፤ ሸራው ቀዳዳ ነበረበትና ዝናቡ ገባ። የኛ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ስለ ተገኘ ሲሚንቶው ተለቀቀልን፤ ነገር ግን ከ100ው ኩንታል 62ቱ ደንድኖ ነበር። ኢንሹራንስም አልገባንለትም።

ካሚዮኑ ሲራገፍ አሠሪዬ አልተቆጡም። አንዱን ከረጢት በእግራቸው ነካ አድርገው፥ «ልጄ፥ ሲሚንቶው የኛ ነው፤ ቀኑ ግን የኛ አልነበረም። አብሮህ የሚጓዘውን ሳታውቅ እንዴት መንገድ ትጀምራለህ?» አሉኝ። እኔም፥ «ጋሼ፥ ጥፋቱ የኔ ነው» ከማለት በቀር መልስ አጣሁ። የደነደኑት ከረጢቶች ዛሬም በመጋዘናችን በር ላይ በጭቃው ወራት መረማመጃ ሆነው ያገለግላሉ። በየቀኑ ስረግጣቸው ትምህርቱን አልረሳውም። በኋላም ስለ ኡምብርያ ሲሚንቶ ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ ወዲያው የገባኝ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘውን ትምህርት በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የራስህን ጭነት ብቻ ሳይሆን አብሮ የተጫነውንም እወቅ። በመርከብ ሲሆን ማኒፌስት የተባለው የጭነት ዝርዝር አለ፤ በካሚዮን ሲሆን ሹፌሩንና የጭነት ወኪሉን ጠይቆ በጽሑፍ መቀበል ይቻላል። ሌላው ሰው ያልተፈቀደ ዕቃ እንደማይጭን በኪራዩ ውል ላይ አንድ መስመር መጨመር የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

ሁለተኛ፤ ቀኑን እንደ ገንዘብ ቁጠር። ኡምብርያ በፖርት ሰይድ ሦስት ቀን፥ በፖርት ሱዳን አንድ ቀን ባትቆም ኖሮ ጦርነቱ ሳይታወጅ ምጽዋ ትገባ ነበር። ለአገራችን መዳን የሆነው መዘግየት ለባለ ጭነቱ ጥፋት ሆነ። ነጋዴም ዕቃው የሚዘገይባቸውን ስፍራዎች አስቀድሞ ማሰብ፥ ከክረምትና ከበዓል ጋር ማስተያየት፥ ለዝናብ የሚፈራውን ዕቃ በዝናብ ወራት አለማስጫን ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ ከውጭ አገር ዕቃ የምታስመጣ ከሆነ አደጋው መቼ ወደ አንተ እንደሚተላለፍ አስተውል። ሲ.አይ.ኤፍ. በሚባለው የሽያጭ ውል ሻጩ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን ይከፍላል፤ ብዙ ሰውም ዕቃው ወደብ እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ የሻጩ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዕቃው በመነሻው ወደብ በመርከቡ ላይ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ አደጋው የገዢው ነው። መርከቡ ቢሰምጥም እንኳ ሻጩ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን፥ የኢንሹራንሱን ወረቀትና ፋክቱሩን በደንቡ ካቀረበ ገዢው ዋጋውን የመክፈል ግዴታ አለበት። የገዢው መጠጊያ ኢንሹራንሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ስለዚህ የኢንሹራንሱን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ። የተለመደው የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ የጦርነትን አደጋ አይጨምርም፤ ለዚህ የተለየ ውልና የተለየ አረቦን ያስፈልጋል። በሲ.አይ.ኤፍ. ውል ሻጩ የሚገባው ኢንሹራንስ፥ ገዢው ካልጠየቀ በቀር፥ ዝቅተኛው ዓይነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ስለ ጭነት ማጓጓዝና ስለ ባሕር ኢንሹራንስ የደነገገውንም ባለ ጉዳይ ሁሉ ከሕግ ዐዋቂ ጋር ሆኖ ቢመለከተው ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ቢኖር በቅርቡ የሆነውን እናስታውሰው። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ከየመን በተተኮሰ ሚሳይል በቀይ ባሕር መግቢያ ተመትታ፥ ብዙ ቀን ስትንሳፈፍ ሰንብታ ሰመጠች። ጭና የነበረው ብዙ ሺህ ቶን ማዳበሪያ ነበር። በዚያ ወራት ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪቃ ዞረው እንዲሄዱ አደረጉ፤ ኪራዩም የጦርነት አረቦኑም ናረ። አገራችን የምታስመጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ስለ ሆነ፥ በባብ ኤል መንደብ የተተኮሰው ጥይት ዋጋው እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ድረስ ይሰማል። ማዳበሪያ የሚጠብቀው የጋይንትና የስማዳ ገበሬ የመርከቢቱን ስም ባያውቅም ጉዳቱ ከእርሱ የራቀ አይደለም።

ክቡራን አንባብያን፤ ኡምብርያ ሁለት ጊዜ ወደ እኛ ተልካ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ወታደር ጭና ደረሰች፤ በሁለተኛው ጊዜ ቦምብ ጭና ሳትደርስ ቀረች። ባለመድረሷ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ሰዎች በሕይወት ተርፈው ይሆናል፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ አያቶች እንደሚገኙበት ማሰብ ስሕተት አይሆንም። ሲሚንቶው ግን ቤት ሊሠራበት የተገዛ ነበርና ያሳዝናል። እኛም በየዕለቱ የምንጭነውና የምናራግፈው ዕቃ ቤት የሚሠራ እንዲሆን፥ ባልንጀራውም መንገዱም የታወቀ እንዲሆን እንትጋ። ከመጫናችን በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ፥ ከደነደነ በኋላ 62 ኩንታል ከመቁጠር ይሻላል።